ዓይን ያዝ ሲያደርግ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በአራተኛው ዓመት፤ የዝናቡ ወራት አልፎ ምድሩ ጭቃውን ገና ሳያራግፍ፤ ከወደብ የተነሡ የጭነት መኪናዎች ተከታትለው በጦር ሰፈሩ በር ገቡ። ሰፈሩ የተሠራው ከከተማይቱ በላይ ባለ ገላጣ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከበታቹ ዝገት የበላቸው የቆርቆሮ ጣሪያዎች፤ የባቡር ሐዲዱና የጡብ ፋብሪካው ጭስ ይታያሉ፤ ከበስተጀርባው ደግሞ ሣሩ በጫማ ብዛት የተመለጠ የተኩስ ሜዳ እስከ አፈር ክምሩ ድረስ ተዘርግቷል። በዚያ ዘመን በወንዙ ወዲህና በወንዙ ማዶ ያሉት ሁለት መንግሥታት፤ ድንበሩ በየትኛው ዳር ያልፋል በሚል ነገር መጀመሪያ ተኳርፈው፤ ኋላ ተዛዝተው፤ በመጨረሻም ጦር አስጠግተው ነበር። መኪናዎቹ የጫኑት ሣጥን ሁሉ ጠመንጃ ነው፤ ሌላው ዓለም ተዋግቶ ሲጨርስ የተረፈ፤ በቅባት ተለውሶ በሰም ወረቀት የተጠቀለለ ጠመንጃ።

«ሠርገኛው በልቶ ሲነሣ ገበታው ወደኛ ዞረ» አለ የግምጃ ቤቱ ሹም፤ የመጀመሪያውን ሣጥን በፌሮ እየፈለቀቀ። ወፍራምና ሳቂታ ሰው ነበር፤ ክፉ ነገር ሲመጣ ቀድሞ የሚቀልድበት እሱ ነው።

ከግምጃ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ከሚያዩት መካከል ወታደሩ «አይስቴ» ብሎ ስም ያወጣለት የተኩስ አስተማሪ ነበረ፤ ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ፤ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፤ ቃል የማያባክን ሰው። በጎልማሳነቱ ከአፈር ክምሩ ላይ የሸክላ ስባሪ ያስተክልና «ይህችን ብስት ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ምሎ ይተኩስ ነበር፤ ሁልጊዜም ስባሪዋ ትበተናለች እንጂ የእሱ ዓይን ምንም አይሆንም። ምልምሎች መሐላውን ከእሱ ተቀብለው በካርታ ጨዋታ ላይ ሳይቀር ይምሉበት ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን መሐላው ከባለቤቱ አፍ ጠፍቷል። ወታደሩ «ሃምሳ አለቃ ሸመገሉ፤ መማል ተዉ» ብሎ አለፈው፤ ምክንያቱን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም ሚስቱ ናት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋን አስጠግታ የጦር ሰፈሩን ሸሚዝና ሱሪ ታድሳለች። ከተጋቡ ጀምሮ በመርፌዋ ክር የሚያስገባላት ባሏ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው፤ ከሥራ ሲገባ ኮፍያውን ሳያወልቅ መርፌዋን ይነጥቃትና በአንድ ጊዜ አሾልኮ «እንኪ» ይላታል። ጉራው ይኸው ብቻ ነበር፤ እሷም ትወድለት ነበር። አንድ ቀን መርፌውን ከፊቱ አርቆ፤ ክንዱን ዘርግቶ፤ ግንባሩን ቋጥሮ ቆየና «እጄን ቅባት ነክቶታል፤ ክርሽን አበላሸዋለሁ» ብሎ መለሰላት። በማግሥቱም እጁን ቅባት ነክቶት ነበር። በሦስተኛው ቀን እሱ ሳይገባ በፊት ክሩን ራሷ አስገብታ ጠበቀችው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ መርፌ የተናገረ የለም።

ዓይኑ የራቀውን እንደ ድሮው ያያል፤ የቀረበውን ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየከዳው ሄደ። ይህም ለሌላ ሰው የማንበብ ችግር ብቻ ነው፤ ለተኳሽ ግን ሞት ነው። በአሮጌው ጠመንጃ ተኳሹ ሦስት ነገር አንድ ላይ ማየት አለበት፤ ወታደሩ ፍንጭት የሚላትን ከኋላ ያለችውን መሐሏ የተቆረጠ ብረት፤ ከአፈሙዙ ጫፍ የቆመችውን ችካልና ከዚያ ማዶ ያለውን ዒላማ፤ ችካሏ በፍንጭቷ መካከል እኩል ካልቆመች ጥይቱ የራሱን መንገድ ይሄዳል። ለአይስቴ ዒላማው ጥርት ብሎ ይታየዋል፤ ፍንጭቷና ችካሏ ግን ተቀላቅለው የሱፍ ብናኝ ይመስሉታል። ስለዚህ መተኮሱን ትቶ በአፉ ብቻ ያስተምር ጀመር፤ አፉም ጥሩ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም።

በዚያው ወር ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣበት። ከላይ የተላከ መርማሪ መኮንን አስተማሪዎችን ሁሉ እያስተኮሰ ያልቻለውን በጡረታ እንደሚያሰናብት ተነገረ፤ ደግሞም ብቸኛ ልጁ ለውትድርና ተጠርቶ በዚሁ ሰፈር ለምልምልነት ገባ። ከልጁ በላይ የተወለዱትን ሁለቱን በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ ወስዷቸዋል፤ ይህኛው በከተማው ካለ አናጢ ዘንድ የሚሠራ፤ ከአባቱ ዝምታን ከእናቱ ፈገግታን የወረሰ፤ ክንዱ አጠር ያለ ጎልማሳ ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ ወደ ወንዙ እንደሚላክ የማያውቅ አልነበረም። አይስቴ ሌሊትና ቀን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ከሥራው እንዳይነሣ፤ ልጁን ሌላ ሰው እንዳያስተምረው። ሌላ ሰው ካስተማረው ይሞትብኛል ብሎ ያምን ነበር።

የግምጃ ቤቱ ሹም አንዱን ጠመንጃ በጨርቅ ወልውሎ አቀበለው። ይህ ጠመንጃ ፍንጭት አልነበረውም። በፍንጭቷ ፋንታ፤ ያውም ከተኳሹ ዓይን አጠገብ፤ ክብ ቀለበት ቆማለች፤ በቀለበቷ ውስጥ ደግሞ መሐሏ በጥቂቱ የተበሳች፤ በጥርስ እየተጠመዘዘች የምትገባና የምትወጣ ቀጭን ብረት አለች። የሸሚዝ አዝራር ስለምታህል ወታደሩ በዚያው ቀን «አዝራር» አላት።

«ምን ዓይነት ጉድ ነው? በበር ቀዳዳ አጮልቃ እንደምታይ ጎረቤት መሆናችን ነው» አለ ሹሙ።

አይስቴ ሰደፉን ከትከሻው አስደግፎ ጉንጩን በእንጨቱ ላይ አሳረፈ፤ በትንሿም ቀዳዳ ወደ ሜዳው ተመለከተ። ያቺ ለዓመታት ሱፍ ሆናበት የኖረችው ችካል ጥቁር ሆና፤ ጠርዟ ተቆርጦ፤ ጫፏ ቀጥ ብሎ ቆመችለት፤ ከችካሏ ማዶ የአፈር ክምሩ፤ በክምሩም ላይ የበቀለችው ሣር ሳትቀር ታየችው። ጠመንጃውን ከጉንጩ ሳያነሣ ብዙ ቆየ።

«ምነው ሃምሳ አለቃ፤ ቅባቱ ዓይንዎ ገባ?» አለው ሹሙ።

«አዎ፤ ቅባቱ ነው» አለና በእጅጌው ጠረገ።

በዚያን ቀን አንዲት አዝራር በደረት ኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ወረደ። ሚስቱ ጠርዝ ትቀምቅማለች፤ ኮፍያውን ሳያወልቅ መርፌዋን ከእጇ ነጠቀና ክሩን መዘዘባት፤ አዝራሯን በአንድ ዓይኑ ላይ በጣቱ ደግፎ፤ የመርፌውን ጭራ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንቶ፤ በምላሱ ጫፍ ያሾለውን ክር በአንድ ጊዜ አሾለከ። «እንኪ» አላት።

«እኔ ምንም የማላውቅ መስሎዎት ኖሯል?» አለች ሚስቱ፤ ሣቀችም፤ ሣቋን ሳትጨርስ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ያዘች። «ሃምሳ አለቃዬ፤ ቅባት ነካኝ ብለው ስንት ዘመን ደበቁኝ።»

በቤታቸው ከዚያ ቀን የበለጠ የደስታ ቀን አልነበረም፤ አዝራሯም ከዚያ ወዲያ በሚስቱ የስፌት ሣጥን ውስጥ ቀረች።

መርማሪው መኮንን የመጣው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው፤ ብርሃኑ ሜዳውን ሞልቶታል። ከአስተማሪዎቹ ሦስቱ በአዲሱ ጠመንጃ ግራ ተጋብተው ክምሩን እንኳ ሳቱ፤ አይስቴ ግን በተሰጠው ጥይት ሁሉ የወረቀቱን መሐል በጣጠሰው። የሰፈሩ አዛዥ ሻለቃ፤ መልከ መልካምና ለስሙ የሚጨነቅ ሰው፤ በኩራት እጁን ጨበጠው። «አዲሱን መሣሪያ የማስተማሩ ሥልጣን ሁሉ ያንተ ነው፤ አንተ ያልከው ትእዛዝ ነው» አለው። ወታደሩም የጥንቱን መሐላ እየጮኸ አጀበው። አይስቴ ግን በዚያ ቀንም አልማለም።

ምልምሎቹን ማስተማር ቀላል አልሆነም። በፍንጭት ያደጉ ስለሆኑ፤ በፍንጭቷ ጊዜ እንደለመዱት ችካሏን ከቀለበቷ የላይኛው ከንፈር ጋር እኩል ያደርጓታል፤ ጥይቱም ከክምሩ በላይ አልፎ ሰማይ ይመታል። አይስቴ ከየአንዳንዱ አጠገብ እየተንበረከከ ይነግራቸው ነበር።

«ቀለበቷን አትያት። በመስኮት ወደ ደጅ የሚያይ ሰው መስኮቱን ያያል? ደጁን ነው የሚያየው። መሐሉን አንተ አትፈልገው፤ ዓይንህ ራሱ ያገኘዋል። አንተ ችካሏን ብቻ እይ። ዒላማው ይደብዝዝ ግድ የለም፤ ችካሏ ግን ትጥራ።»

ገባቸው፤ መምታትም ጀመሩ። ነገር ግን አዝራሯ ብርሃን ትቀንሳለችና ብዙዎቹ እየጠመዘዙ ያወጧት ነበር፤ ያወጧትንም በጭቃ ውስጥ ይጥሏታል፤ አንዱማ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏት ተገኘ። ለአይስቴ አዝራር የሌለበት ቀለበት ሱፍ ነው፤ ችካሏ በእሱ ውስጥ ታብጥበታለች። ለእሱ ሱፍ የሆነው ለሃያ ዓመት ጎልማሳ ጥርት ያለ መሆኑ አልታሰበውም፤ ወይም ታስቦት እንደሆነ በፍጥነት ረስቶታል። ስለዚህ እያንዳንዷን አዝራር ወደ ቀለበቷ አጥብቆ አስገብቶ በጥቂት የቀለጠ እርሳስ እንድትበየድ ሻለቃውን አስፈርሞ አዘዘ፤ ሥራውንም በግምጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በገዛ እጁ ሠራው።

«ይችን ይመስል ጥርስ ያበጁላት ሰዎች፤ አንዳንዴ ትውጣ ብለው ይሆን እንዴ?» ሲል ሹሙ በዋዛ ጠየቀው።

«ያበጇት ሰዎች የኛን ጭቃ አያውቁም» አለ አይስቴ። ሁለቱም ሣቁ፤ ነገሩም በሣቅ አለፈ።

ለልጁ የተሰጠው ጠመንጃ ለክንዱ ረዝሞበት ነበር። አይስቴ ሰደፉን ራሱ ሊያሳጥርለት መጋዝና ሞረድ ይዞ ተቀመጠ፤ ልጁ ቢቸግረው ፈገግ አለ።

«አባባ፤ የእንጨቱን ሥራ እንኳ ለእኔ ቢተዉት።»

«ላንተ ጠመንጃ እኔ አላንስም።»

ሰደፉ አጠረ፤ ነገር ግን ወደ ግራ ትንሽ አዘመመ። አናጢው ልጅ ዝንባሌውን በአውራ ጣቱ ዳብሶ አወቀው፤ በአንድ የመላጊያ ግፊት ሊያስተካክለው ይችል ነበር። «እጅዎ ይባረክ» ብሎ እንዳለ ተቀበለው።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን፤ ሌሎቹ ወደ ሰፈር ገብተው አባትና ልጅ ብቻ በሜዳው ላይ ሲቀሩ፤ ፀሐይ ጠለቀችና ዓይን ያዝ ሲያደርግ፤ ልጁ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«አባባ፤ አንድ ነገር ልንገርዎ?»

«በል።»

«ፀሐይ ከገባች ወዲያ በአዝራሯ ሳይ ጥቁር ብቻ ነው የሚታየኝ። ሳትበየድ በፊት ግን አውጥቻት ሞክሬ ነበር፤ በባዶው ቀለበት ክምሩም ይታየኝ ነበር፤ ክምሩ ላይ የተጋደመው ግንድም ይታየኝ ነበር።»

አይስቴ ጠመንጃውን ተቀብሎ አነጣጠረ፤ ምንም የለም። አውርዶ በባዶ ዓይኑ ተመለከተ፤ አሁንም ከግራጫ ነገር በቀር ምንም የለም። ለእሱ ከመሸ በኋላ በአዝራርም ያለ አዝራርም ዓለም አንድ ከሆነ ቆይቷል፤ ወጣት ዓይን በዚህ ሰዓት ገና ሥራውን እንዳልጨረሰ ከማወቅ ርቋል።

«የምን ግንድ?» አለ።

«ያው እዚያ...» ብሎ ልጁ ጣቱን ዘረጋ።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ሲመሽ ማንም አያይም። በምሽት የምታየው ሐሳብህን ነው። ጠላትም እንዳንተው ሰው ነው፤ እሱም አያይም።»

ልጁ ግንዱን አየ፤ አባቱን አየ። የአይስቴ ዓይን ያላየውን የእኔ ዓይን አየ ብሎ ማን ይናገራል? አባቱን ከመጠርጠር የራሱን ዓይን መጠርጠር ቀለለው። «እሺ አባባ» አለ።

አይስቴ ነገሩን ለሚስቱ ነገራት፤ እንደ ቀልድ አድርጎ ነው የነገራት። እሷ ግን መኪናዋን አቆመች።

«አንቱ ግንዱን አዩት?»

«አላየሁም።»

«እሱ ግን አይቷል። ልጄ ውሸት አያውቅም።» የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠችና «ዓይንዎ እንደደከመ ይንገሩት። ለሻለቃውም ባይሆን ለልጁ ይንገሩት» አለችው።

አይስቴ ኮፍያውን አወለቀ። ነገሩ እውነት መሆኑ በዚያች ሰዓት ገብቶታል። ግን እውነቱን ቢናገር የበየደውን ሁሉ ለምን እንደሚፈታ ለሻለቃው ማስረዳት ይኖርበታል፤ ካስረዳ ከሥራው ይነሣል፤ ከተነሣ ልጁ በሌላ ሰው እጅ ይወድቃል። «ሥልጠናው ይለቅ፤ ከመሄዳቸው በፊት ራሴ አንድ በአንድ እፈታቸዋለሁ» አላት። ሊፈታቸውም ቆርጦ ነበር፤ ይህን ልንጠራጠር አይገባም።

ወንዙ ግን ሥልጠና እስኪያልቅ አልጠበቀም። ማዶ ያለው ጦር ድልድዩን ያዘ የሚል ወሬ መጣና ልጁ ያለበት ሁለተኛው ሻምበል ጦር በነጋታው በባቡር እንዲሳፈር ታዘዘ። ጣቢያው በእናቶችና በጓዝ ተጨናንቆ ነበር። የልጁ እናት አንገቱን አቅፋ ጉንጩን ሳመችው፤ ያልተቀመቀመ የእጅጌ ክር አይታ በጥርሷ በጠሰችለት። አባቱ የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካከለለት፤ ደግሞ አስተካከለለት። ሚስቱ ከጎኑ ሆና ትጠብቀው ነበር፤ ይንገሩት የሚል ዓይን ነበር ዓይኗ። በዙሪያው ምልምሎቹ ሁሉ፤ እሱ ያስተማራቸው፤ ቆመው ያዩታል።

«ችካሏን ብቻ እይ» አለው።

«እሺ አባባ።»

ባቡሩ ከሄደ በኋላ ባልና ሚስት ወደ ቤታቸው ገቡ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሻለቃው ወታደሩን አሰልፎ የሞቱትን ስም ጠራ። የአይስቴ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

ልቅሶው ያልበረደ ሳለ፤ የቆሰሉት በከተማው ትምህርት ቤት ውስጥ እንደተኙ ሰማና ሄደ። ጥቁር ሰሌዳው ሥር በተዘረጋ አልጋ ላይ ክንዱ የተቆረጠ አንድ አሥር አለቃ አገኘ፤ አዲሱን ጠመንጃ ከእሱ የተማረ ነበር።

«እንዴት ሆነ?» አለው።

አሥር አለቃው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ቀን ቀን ደኅና ነበርን፤ ሃምሳ አለቃ። ቀን የመጣውን ሁሉ መልሰነዋል። እነሱም ያወቁ ይመስለኛል፤ መምጣት የጀመሩት ዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። በዓይናችን እናያቸዋለን፤ በውሃው ውስጥ ጠመንጃቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘው ሲራመዱ እናያቸዋለን፤ ጉንጫችንን ስናስጠጋ ግን ጥቁር። ቀና ስንል አሉ፤ ዝቅ ስንል የሉም።»

«እሺ።»

«በግምት ተኮስን። ግምት ምን ያደርጋል?»

አይስቴ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠ። አሥር አለቃው ስለ ልጁ ሳይጠየቅ «በምሽጉ ጫፍ፤ በድልድዩ በኩል ነበር። አልሸሸም» አለው። ሊያጽናናው ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሻለቃው ቢሮ ወጣ። ሻለቃው ተነሥቶ ተቀበለው፤ ወንበር ሰጠው፤ ልጁ እንደ ጀግና እንደሞተ ነገረው። አይስቴ አልተቀመጠም። ዓይኑ ከዓመታት በፊት እንደደከመ፤ አዝራሯን የበየደው ለራሱ ዓይን ስለምትመች መሆኑን፤ ልጁ ነግሮት እንዳልሰማው፤ ምንም ሳያስቀር ተናገረ። ሻለቃው አዳምጦ ሲጨርስ መስኮቱን ዘጋ።

«ጉም ነበር» አለ በዝግታ። «በወንዙ ላይ ጉም ነበር፤ ጠላትም በቁጥር ይበልጥ ነበር። ሪፖርቱ እንዲህ ብሎ ሄዷል።»

«ጉም አልነበረም፤ ጌታዬ። አሥር አለቃው...»

«አይስቴ፤ ስማኝ። የሞቱት ልጆች እናቶች አሉ። በጉም ሞቱ ማለት ይሻላቸዋል ወይስ በቀለጠ እርሳስ? አንተን ብቀጣ ማን ይነሣል? ደግሞስ ትእዛዙን የፈረመው ማን ነው?» የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር የዘጋውን መስኮት መልሶ አየ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ ጉም ይዟል። ወደ ቤትህ ሂድ፤ እዘን።»

ምሽጉን ሌላ ሻምበል መልሶ ሲይዘው የወደቁት ጠመንጃዎች ተሰብስበው በዚያው ባቡር ተመለሱ። አይስቴ ጡረታውን በራሱ ጥያቄ ወስዶ ነበር፤ ነገር ግን የግምጃ ቤቱን ሹም «እነዚያን ጠመንጃዎች ፍቀድልኝ፤ የበየድኩትን ልፍታ» ብሎ ለመነው። ሹሙ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ፊቱን አየና ዘጋው፤ ጠረጴዛውንም ጠርጎ ለቀቀለት።

ሥራው ቀላል ነበር። ቀለበቷን በፋኖስ ነበልባል ያሞቃል፤ እርሳሱ ሲቀልጥ አዝራሯን ጠምዝዞ ያወጣል። ዓይኑ ስለማያይለት አንዲት አዝራር በዓይኑ ላይ ይዞ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያውን ጠመንጃ ሲያነሣ በቀለበቷ ዙሪያ ብረቱ ተፍቆ፤ እርሳሱ ተቧጭሮ አየ፤ በካራ ጫፍ የተሠራ ነው። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛዋ አዝራር በሳንጃ ተወግታ ወደ ውስጥ ጎብጣለች። ሌላዋ ጨርሶ ተሰብራ ወጥታለች፤ ያ ሰው ጥቂት ጥይት እያየ ሳይተኩስ አልቀረም። ምልምሎቹ ሁሉ፤ ያስተማራቸው ሁሉ፤ በመጨረሻዋ ሰዓት የአስተማሪያቸውን ትእዛዝ ጥሰው ለነፍሳቸው ሲቧጭሩ እንደነበር የእጃቸው ምልክት በብረቱ ላይ ቀርቷል። እያንዳንዱን ጠመንጃ በዳበሰ ቁጥር ለአንድ ነገር ይጸልይ ጀመር፤ የልጁም ተቧጭሮ እንዲያገኘው። ሰድቦትም ቢሆን፤ ረግሞትም ቢሆን፤ ካራውን መዝዞ ሊያይ ሞክሮ እንደሆነ ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ሰደፉ ወደ ግራ ያዘመመ ጠመንጃ እጁ ገባ። ሳያየው በመዳፉ አወቀው። በብርሃኑ በኩል አዙሮ አዝራሯን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። እርሳሱ እሱ በበየደበት ቀን እንደነበረ ነው፤ ለስላሳ፤ ንጹሕ፤ አንዲት ጭረት እንኳ የሌለበት። ጎረቤቶቹ ሁሉ ግራና ቀኝ ሲቧጭሩ፤ ልጁ አባቱ የበየደውን አልነካም። በጥቁሩ ቀዳዳ ውስጥ ችካሏን ብቻ እየፈለገ ሞቷል።

የግምጃ ቤቱ ሹም ሊጠራው ሲገባ፤ አይስቴን ፋኖሱን አጥፍቶ ጠመንጃውን በጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ አገኘው። ያችን አንዲት ብየዳ አልፈታትም።

ወደ ቤት ሲገባ ሚስቱ ከመስኮቱ ሥር ነበረች። ሊነግራት ጀመረ፤ «የእሱ...» ብሎ ቀረ። እሷም ገባት፤ ያን ያህል ዘመን አብራው ኖራለች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አንቱ ያለችውን ሰው በዚያች ምሽት «አንተ» አለችው። «አንተ ሰው፤ እኔም እኮ አውቅ ነበር። ጣቢያው ላይ አፍ ነበረኝ፤ አልተናገርኩም።» ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት ጥፋቱን እስኪሞቱ ድረስ እኩል ተሸከሙት።

የዚያን ጦር ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ድልድዩ ውጊያ አንድ አንቀጽ ጽፈዋል፤ ሁለተኛው ሻምበል በጉምና በጠላት ብዛት ምክንያት ከባድ ጉዳት ደርሶበት ቦታውን በጀግንነት እንደጠበቀ ይተርካል። ከወንዙ ዳር የቆመው ድንጋይ የሞቱትን ስም ይዟል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የወጣው የተኩስ መመሪያ «ፀሐይ ከመግባቷ በፊት የውስጠኛው ክብ ብረት ይውጣ» የሚል ቃል ጨምሯል፤ ስለምን እንደጨመረ ግን አይናገርም፤ የተማሩትም አልጠየቁም። አይስቴ ስሙ በሰፈሩ ውስጥ ለብዙ ዘመን የመልካም ተኳሽ ስም ሆኖ ቆየ፤ ምልምሎችም ማን እንደነበረ ሳያውቁ በዓይናቸው ይምሉ ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ ሚስቱ በእርጅናዋ ዘመን መስፋት ተወች። የስፌት ሣጥኗ ለእህቷ ልጅ ተላለፈ። ልጅቱም ሣጥኑን ስታራግፍ ከሸሚዝና ከኮት አዝራሮች መካከል መሐሏ በጥቂቱ የተበሳች ጥቁር የብረት አዝራር አገኘች፤ ከየትኛው ልብስ እንደወደቀች ለማወቅ ብዙ አገላበጠቻት፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላላት ልትሰፋ እንደማትችል አይታ ተገረመች፤ ለሌላው እንዳይጎድል ብላም ወደ ሣጥኑ መለሰቻት።